ተልባ፣ በሶ፣ ቀይ ሥር፦ ለልብ የሚሠሩት እንዴት ነው?

ታምሶ የተወቀጠ ተልባ በብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ጥቂት ቢያቆዩት ውሃው ውሃነቱን ይተዋል። ይወፍራል፣ ይዝለገለጋል፣ ማንኪያ ሲነከርበት ክር እየሠራ ይወርዳል። ይህን ዝልግልግነት ብዙ ሰው አይወደውም፤ አንዳንዱ አጥልሎ ይጠጣል፣ አንዳንዱ በማር ያታልለዋል። ለልብ ይበጃል ከሚባለው የጓዳችን ሀብት መካከል ግን ሥራቸው ደረጃ በደረጃ ከታወቀላቸው አንዱ ይኸው የማይወደደው ነገር ነው።

«ለልብ ጥሩ ነው» የሚባል ነገር በየቤቱ ሞልቷል። ግፊት አለብኝ ያለ ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ቡናው ሳይቀዳ አምስት ዓይነት ምክር ይደርሰዋል፦ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ሽፈራው፣ አብሽ፣ ከርከዴ። መካሪዎቹ ክፋት የለባቸውም፤ አንዳንዱ ምክራቸውም ልክ ነው። የሚቀረው ቀጥሎ ሊጠየቅ የሚገባው ነው፦ ሆድ ከገባ በኋላ ምን ያደርጋል? በምን ያህል መጠን? ጥሬውን ነው ወይስ የበሰለውን? እነዚህ ሲጠየቁ ግማሹ ምክር ይከስማል፣ ግማሹ ደግሞ ከተነገረለትም በላይ ሆኖ ይገኛል። ምግቡና ኪኒኑ ብዙ ጊዜ የሚሄዱበት መንገድም አንድ መሆኑ ይታያል፤ የሚለያዩት በጉልበት ነው።

ከሐሞት እንጀምር። ሐሞት በመራራነቱ እንጂ በሥራው ብዙም አይነሳም። ቅባት ያለበት ምግብ ወደ ትንሹ አንጀት ሲወርድ የሐሞት ከረጢት ትጨመቅና ሐሞቱን ትለቃለች። ሐሞቱም ቅባቱን እንደ ሳሙና በታትኖ ከውሃ ጋር ያስማማዋል፤ እሱ ባይኖር ከቅቤውም ከዘይቱም ቀላል የማይባል ክፍል ሳይፈጭ ባለፈ ነበር። ይህን ሥራ የሚሠራው የሐሞት አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ጉበት የሐሞት አሲድን የሚሠራው ደግሞ ከኮሌስትሮል ነው።

ሰውነት ቆጣቢ ነው። ሥራውን የጨረሰውን የሐሞት አሲድ አይጥለውም፤ በትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ 95 በመቶ ያህሉን መልሶ ይመጥና በደም ወደ ጉበት ይልከዋል፣ ጉበትም እንደገና ወደ ሐሞት ከረጢት ይመልሰዋል። በአንድ ቀን ይህ ምልልስ ደጋግሞ ይካሄዳል። ዝልግልጉ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ምልልስ መሐል ገብቶ ነው። ተልባ፣ አጃና ገብስ ውስጥ ያለው በውሃ የሚሟሟ አሰር፣ የሕክምና ሰዎች ፋይበር የሚሉት፣ አንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ያብጥና የሐሞት አሲዱን ይዞ ያስቀረዋል። የተያዘው ወደ ጉበት አይመለስም፤ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበት የጎደለውን ለመተካት አዲስ የሐሞት አሲድ መሥራት ይኖርበታል፣ ለዚያም ኮሌስትሮል ይፈልጋል፣ ኮሌስትሮሉንም ከደም ይወስዳል።

በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ተሸክሞ የሚዞረው ዋነኛው ቅንጣት ኤልዲኤል ይባላል። ሲበዛ የደም ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ እየገባ የሚከማቸው፣ ክምችቱም አንድ ቀን ሲሰነጠቅ ደም እዚያው ረግቶ ቧንቧውን የሚዘጋው፣ ይህ ነው። የተዘጋው ቧንቧ የልብ ከሆነ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይመጣል። ጉበት ኤልዲኤልን ከደም ለመያዝ በሴሎቹ ገጽ ላይ ተቀባዮችን ያወጣል፤ ኮሌስትሮል ሲያጥረው ቁጥራቸውን ይጨምራል። ይህን የተቀባይ ነገር የደረሱበት አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል።

ከሐኪም የሚታዘዘው ስታቲን የሚባለው የመድኃኒት ቤተሰብም መጨረሻው እዚያው ነው። ጉበት ራሱ ኮሌስትሮል እንዳይሠራ ያግደዋል፤ ጉበት ሲያጥረው ተቀባዮቹን ያበዛል፤ የደሙ ኤልዲኤል ይቀንሳል። «ኬሚካል አልወስድም፣ የተፈጥሮ ነገር ይሻለኛል» ለሚል ሰው አንድ ነገር ልንገረው፦ የመጀመሪያውን ስታቲን በ1970ዎቹ ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ያገኘው ከሻጋታ ነው። ከሻጋታ የበለጠ ተፈጥሯዊ ነገር ከየት ይመጣል?

የጉልበቱ ልዩነት ታዲያ ይህን ያህል ነው። በአጃና በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰር ቤታ ግሉካን ይባላል። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ለሳምንታት ሲወሰድ ኤልዲኤልን 5 በመቶ ገደማ፣ ሲበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ ዝቅ ያደርጋል። ስታቲን እንደ ዓይነቱና እንደ መጠኑ ከ30 እስከ 50 በመቶ ያወርዳል። ስለዚህ ሐኪም ስታቲን ያዘዘለት ሰው ኪኒኑን በአጃ ሾርባ ልተካ ቢል ሒሳቡ አይገጥምለትም። ምንም ያልታዘዘለት፣ ኮሌስትሮሉ ግን ወደ ላይ እያለ ያለ ሰው ደግሞ 5 በመቶውን ሊንቅ አይገባም፤ በየቀኑ፣ ለዓመታት ሲሆን ትርፉ ይታያል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የአጃ አምራቾች ይህን ጥቅም በማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲፈቅድ ዓለም አጃን አወቀ። ገብስም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው ፈቃድ ውስጥ ገብቷል፤ ይህኛው ብዙ አልተወራለትም እንጂ ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነበር። ከ100 ግራም ገብስ ውስጥ ከ4 እስከ 6 ግራም የሚሆነው ቤታ ግሉካን ነው። 75 ግራም ያህል የገብስ ዱቄት የቀኑን 3 ግራም ይሰጣል ማለት ነው። በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቆሎ፣ ቂንጬ ሁሉም ይቆጠራሉ። ከውጭ በካርቶን ታሽጎ የመጣ አጃ በውድ ዋጋ ገዝቶ በሶውን ለእንግዳ እንኳ ማቅረብ የሚያፍር ቤት ሳይ ይገርመኛል። እርግጥ በሶው ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ከተጨመረበት፣ ገንፎውም መሐሉ በቅቤ ከተሞላ፣ ነገሩ ሌላ ይሆናል። ጠላ ደግሞ ከገብስ ነው ብሎ ለመከራከር የሚያስብ ካለ አያዋጣውም፤ ገብሱ ብቅል ሲሆን ቤታ ግሉካኑን የሚሰባብር ኢንዛይም አብሮ ይወጣል።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተርም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ። በቀን አንድ ጭልፋ ያህል የበሰለ ጥራጥሬ መብላት ከአጃው ጋር የሚቀራረብ ውጤት አለው። ጿሚው ይህን ሳይነገረው ሲያደርገው ኖሯል።

ወደ ተልባ ልመለስ፤ እሱ ሁለተኛ ሥራ አለው። የፍሬው 40 በመቶ ያህል ዘይት ነው፣ ከዘይቱም ግማሽ የሚሆነው ኦሜጋ 3 ከሚባሉት ቅባቶች የዕፅዋቱ ዓይነት ነው። ካናዳ ውስጥ የእግር ደም ቧንቧቸው የጠበበባቸው ሕሙማን በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ዳቦና ብስኩት ውስጥ እየገባላቸው ለ6 ወር ተመራማሪዎች ተከታትለዋቸው ነበር፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ተልባ ከማይበሉት ጋር ሲነጻጸሩ የላይኛው የደም ግፊታቸው በ10፣ የታችኛው በ7 ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህ አንድ የግፊት ኪኒን ከሚሠራው ጋር የሚስተካከል ነው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ ሌሎች ጥናቶች ያገኙት ቅናሽም ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም አቅጣጫው አንድ ነው።

ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባል የለ? ለዚህ ጉዳይ ሙቀጫው ግዴታ ነው። ያልተወቀጠ ፍሬ ቅርፊቱ ጠንካራና አንሸራታች ስለሆነ በጥርስ ስር አምልጦ እንደገባ ይወጣል፤ ዘይቱ ከሰውነት ጋር ሳይተዋወቅ። መወቀጥ አለበት፤ ከተወቀጠ በኋላ ግን ዘይቱ አየር እያገኘው ቶሎ ይበላሻል፣ ይመራል። ለወር የሚሆን ፈጭቶ ከማስቀመጥ የሳምንቱን እየወቀጡ ከድኖ ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል። ማመሱም ከንቱ ልማድ አይደለም፦ ጥሬ ተልባ ሳያናይድ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር በጥቂቱ አለው፣ እሳት ይቀንሰዋል። ሲጠጣም ብዙ ውሃ ይፈልጋል። ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከተልባው ጋር አንድ ላይ አይዋጠው፤ የሐሞት አሲዱን የሚይዘው ዝልግልግ መድኃኒቱንም ሊያዘገየው ይችላል። አንድ ሁለት ሰዓት ማራራቅ ይበቃል።

ስለ ዘይት ካነሳን፣ አዲስ አበባ ላይ በነሐሴ ብርድ ጠዋት ጀሪካኑን ማየት ከየትኛውም ማስታወቂያ በላይ ይናገራል። የፓልም ዘይት ከታች ነጭ ሆኖ ይረጋል፤ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ፈሳሽ እንደሆነ ያድራል። የሚረጋው ሞለኪውሎቹ ቀጥ ያሉ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የሚደራረቡ ስለሆኑ ነው፤ የጠገበ ቅባት የሚባለው ይኸው ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ፣ የቅቤ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቅባት ከዚህ ዓይነት ነው። የኑግ ዘይት ግን አብዛኛው ሞለኪውሎቹ የተጣመሙ ስለሆኑ አይደራረብም። የጠገበ ቅባት ጉበት ላይ የሚሠራው ከዝልግልጉ ተቃራኒውን ነው፦ የኤልዲኤል ተቀባዮቹን ቁጥር ያሳንሳል። ጠዋት በሶ የጨመረውን ማታ የረጋው ዘይት ይቀንሰዋል ማለት ነው። ሁለት ወር ጾሞ ወጡን በግማሽ ሊትር ፓልም ዘይት ያቁላላ ቤት ልቡን የጾመለት አይመስለኝም።

ነጭ ሽንኩርት ሁሉም የሚያውቀው መድኃኒት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ያልተነካ የነጭ ሽንኩርት ራስ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሲደቆስ፣ በተለያዩ የሴል ክፍሎች ተለያይተው የኖሩት አልኢን የሚባለው ንጥረ ነገርና አልኢኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ይገናኛሉ፤ በሴኮንዶች ውስጥ አሊሲን ይፈጠራል። ሽታውም ማቃጠሉም እሱ ነው። ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም። ሳይደቆስ የጋለ ዘይት ውስጥ የተጣለ ነጭ ሽንኩርት አሊሲን ሳይሠራ ይበስላል፤ ደቁሶ አሥር ደቂቃ ያህል ማቆየት የተሻለ ነው። ዳጣ ውስጥ ጥሬውን የሚገባው ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይቀርባል።

ግን ያ ጉልበት ምን ይሠራል? በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኮሌስትሮላቸው መጠነኛ ከፍታ ያለው 192 ሰዎችን ለ6 ወር፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከፊሉን ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በሳንዱች ውስጥ፣ ከፊሉን በኪኒን መልክ፣ ከፊሉን ባዶ ኪኒን ሰጥተው አዩ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ውጤት አንጀት የሚያርስ አልነበረም፦ ኤልዲኤሉ በአንዱም ቡድን አልተነቃነቀም። በግፊት በኩል ግን ሌሎች ጥናቶች ግፊታቸው ከፍ ባለ ሰዎች ላይ መጠነኛ ቅናሽ አግኝተዋል። ነጭ ሽንኩርት ለወጡ ሲባል ይበላ፤ ለኮሌስትሮል ሲባል በባዶ ሆድ እንባ እያፈሰሱ መዋጥ ግን ጨጓራን ከማስቆጣት ያለፈ ጥቅሙ አልታየኝም።

ሽፈራውና ጤና አዳምን በአጭሩ ላልፍ ነው። የሽፈራው ቅጠል ጥሩ ጎመን ነው፤ በኮንሶ የዘወትር ምግብ ነው፤ ከጎመንነቱ ያለፈ የልብ መድኃኒትነት የሚያስመሰክር በቂ የሰው ጥናት የለውም። ጤና አዳም ለቡናው መዓዛ ይቅር፤ በብዛት ተቀቅሎ ሲጠጣ መርዝነት አለው።

ቀይ ሥር ግን ያስደንቃል። ከመሬት የሰበሰበው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ አለ። ስንበላው ናይትሬቱ ወደ ደም ይገባል፣ ከዚያ የምራቅ ዕጢዎች ከደም ለቅመው ወደ አፍ ይመልሱታል። ምላስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ምራቁ ሲዋጥ እሱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ናይትሪክ ኦክሳይድ የደም ቧንቧ ጡንቻን የሚያላላ ጋዝ ነው፤ ይህን ሥራውን ያወቁት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1998 ኖቤል ተሸልመዋል። ቧንቧው ሲላላ ይሰፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ለንደን ውስጥ ጤነኛ ሰዎች ግማሽ ሊትር የቀይ ሥር ጭማቂ ጠጥተው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የላይኛው ግፊታቸው በ10 ገደማ ወርዷል። አፍን በባክቴሪያ ገዳይ ፈሳሽ የሚጉመጠመጥ ሰው ላይ ይህ ውጤት ይደክማል፤ ሥራውን የሚሠሩት የምላሱ ነዋሪዎች ናቸውና። ለሰላጣ ብለን ቀይ ሥሩን ልጠን፣ ቆራርጠን፣ በብዙ ውሃ ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ናይትሬቱ አብሮ ይደፋል። ከነልጣጩ ሳይቆረጥ መቀቀል ይሻላል።

ከርከዴም ባዶ ዝና አይደለም። ቦስተን ውስጥ 65 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት በቀን ሦስት ስኒ ከርከዴ ለ6 ሳምንት የጠጡት የላይኛው ግፊታቸው በ7 ነጥብ ያህል ሲወርድ፣ ያንኑ የሚመስል ሌላ መጠጥ የጠጡት በአንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ወርዷል። ያለ ስኳር ነው እንግዲህ።

የእነዚህን ሁሉ ድካም በአንድ ቁንጥር የሚያፈርሰው ጨው ነው። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ለማመጣጠን ውሃ ያስቀራል፣ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ልብ ያንን ሁሉ መግፋት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። እኛ ቤት ጨው የሚገባው ወጡ ሲወርድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ቤት በርበሬው ሲዘጋጅ ገብቷል፣ ሽሮው ሲፈጭ ገብቷል፣ ከዚያ ወጥ ሠሪዋ ቀምሳ «አነሰው» ትላለች። ከልቤ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር የሚቀጥለው በርበሬ ያለ ጨው እንዲፈጭ ነው። የተፈጨውን ጨው ማንም አያወጣውም፤ ያልገባውን ግን በልክ መጨመር ይቻላል።

ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ጨውን እንዲያስወጣ ይገፋፋዋል። ባቄላ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቆስጣ ሁሉ አላቸው። ቻይና ውስጥ በ600 መንደሮች 21 ሺህ ገደማ ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ከተራው ጨው ሩብ ያህሉ በፖታሲየም ጨው የተተካላቸው ሰዎች ላይ፣ በአምስት ዓመት ያህል ክትትል፣ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ኩላሊቱ የታመመ ወይም ፖታሲየም የሚያስቀር የግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ግን ይህን ጨው በራሱ አይጀምረው፤ የበዛ ፖታሲየም የልብ ምትን ያዛባል።

ቡና ወዳጆች እንዳይቀየሙኝ በፈራም ይቺን ልጨምር። ኖርዌይ ውስጥ በትሮምሶ ከተማ በ1980ዎቹ የታየው፣ ተፈልቶ ሳይጣራ የሚጠጣ ቡና ኮሌስትሮልን ከፍ እንደሚያደርግ ነው። ምክንያቱ ካፌስቶል የሚባል የቡናው ቅባት ነው፤ የወረቀት ማጣሪያ ያስቀረዋል፣ ጀበና ግን አያስቀረውም። በቀን አንድ ሁለት ስኒ የሚጠጣ ሰው ይህን ብሎ እንቅልፍ አይጣ። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለና ጠዋትም ማታም ከአቦል እስከ በረካ የማይነሳ ሰው ግን ቡናውን በደንብ ማስረጋት፣ ስኒውንም መቀነስ አለበት።

በመጨረሻ ይህ ሁሉ የማይመለከተው የልብ ሕመም አለ። በአገራችን ሐኪም ቤቶች ልባቸውን የሚታመሙ ብዙ ወጣቶች ችግራቸው ኮሌስትሮል አይደለም። በልጅነታቸው ቶንሲል ይዟቸው በወቅቱ በፔኒሲሊን ሳይታከም የቀረ፣ በሪህ ትኩሳት መልክ ተመልሶ የልባቸውን ክዳን፣ ቫልቭ የሚባለውን፣ የጎዳባቸው ናቸው። ለዚህ ከቅጠላ ቅጠል የሚገኝ መድኃኒት የለም፤ ጉሮሮውን የታመመ ልጅ ጤና ጣቢያ ማድረስ ነው።

ክዳናቸው በሰው ሠራሽ የተቀየረላቸው ሰዎች ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ጓዳው ይበልጥ አደጋ የሚሆነው ለእነሱ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው የቫይታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው፤ ጎመንና ቆስጣ ደግሞ በቫይታሚን ኬ የታጨቁ ናቸው። ጎመን ክልክል አይደለም፤ ጉዳቱ መዋዠቁ ነው። በዐቢይ ጾም በየቀኑ ጎመን የሚበላ ሰው የመድኃኒቱ መጠን ከጎመኑ ጋር ይስተካከልለታል፤ ፋሲካ ደርሶ ጎመኑ በዶሮ ወጥ ሲተካ ያው መጠን ይበዛበትና ሊደማ ይችላል። ጾሙ ሲገባ ደግሞ ግልባጩ ይሆናል፣ ደሙ ሊረጋ ይችላል። ነጭ ሽንኩርት በብዛት፣ አብሽ በብዛት፣ ጥቁር አዝሙድም እንዲሁ የማድማቱን አቅጣጫ ሊያባብሱት ይችላሉ። ኮሌስትሮል ለማውረድ ሲምቫስታቲን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግሬፕ ፍሩት አይመከርም፤ መድኃኒቱን የሚሰብረውን የአንጀት ኢንዛይም ስለሚያግድ ከታሰበው መጠን በላይ ወደ ደም ይገባል።

ስለዚህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጾም ሊገባ ወይም ሊፈታ ሲል ለክትትል ክፍሉ አስቀድሞ ይንገር፤ የደም መርጋት ምርመራውም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንዲደገምለት ይጠይቅ። ካርዱ ላይ ከኪኒኖቹ ስም ሥር ቤት ውስጥ የሚወስደው አብሽና ጥቁር አዝሙድ ከነመጠኑ ይጻፍለት።